ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት የተሠራው የተማሪዎች ካርታ የት ገባ?

በኢትዮጵያ ጂኦሎጂ የሚያጠና ተማሪ ከመመረቁ በፊት መስክ ይወጣል። ተማሪዎቹ በአጭሩ "ፊልድ" ይሉታል። አራት አምስት ሆነው በቡድን ይከፈላሉ። መዶሻ፣ ኮምፓስ፣ ጂፒኤስ፣ ማጉያ መነጽር፣ ትንሽ ብልቃጥ አሲድና የመስክ ደብተር ይይዛሉ። የተመደበላቸውን መሬት ወንዝ ለወንዝ፣ ሸንተረር ለሸንተረር እየተጓዙ ከአፈሩ ሥር ያለው አለት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚዘልቅ፣ ምን ያህል እንዳዘነበለ፣ የት ላይ እንደተሰነጠቀ ይመዘግባሉ። ሲመለሱ ባለ ቀለም ካርታ ከነሪፖርቱ ያስረክባሉ። መምህሩ ያርማል፣ ውጤት ይሰጣል፣ ሪፖርቱ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ማብቃት ግን አልነበረበትም። ለተማሪ የመስክ ሥራ የሚመቸው ጥንታዊው አለት አፈሩን ገፎ የሚታይበት አካባቢ ነው። ወርቅ ፈላጊ ኩባንያም የሚሄደው እዚያው ነው። ምዕራብ ወለጋ፣ ጉጂ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ ትግራይ ሁሉም በዚህ ጥንታዊ አለት ላይ የተቀመጡ ናቸው። ተማሪው ለውጤት ብሎ የሚስለው መሬት ዛሬ ወይም ነገ የማዕድን ፈቃድ የሚሰጥበት መሬት ሊሆን ይችላል። በመደርደሪያው ላይ አቧራ የሚጠጣው ሪፖርትም ያ ቦታ ከመቆፈሩ በፊት ምን እንደሚመስል የሚናገር ምስክር ሊሆን ይችላል። ከኩባንያውም ሆነ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ጋር ጥቅም የማይጋራ ምስክር ደግሞ በአገራችን ብዙ የለም።

ጥያቄው ወቅታዊ ነው። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ የአገሪቱ ቀዳሚ የወጪ ንግድ ምርት ሆኗል። የቤኒሻንጉሉ ኩርሙክ፣ የምዕራብ ወለጋው ቱሉ ካፒና ሌሎችም ፕሮጀክቶች ስማቸው በየዜናው ይነሳል። አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል፣ በዚህ ላይ ጠብ የለም። ጠቡ የሚመጣው ከ10 እና ከ20 ዓመት በኋላ ነው፦ "ወንዙ ድሮም እንዲህ ነበር" የሚል ወገንና "ከማዕድኑ በፊት ንጹሕ ነበር" የሚል ወገን ፊት ለፊት ሲቆሙ። ያን ጊዜ ሁለቱንም የሚዳኝ ወረቀት ከሌለ የሚያሸንፈው እውነት ያለው ሳይሆን ጉልበት ያለው ነው።

አለት ከውሃ ጋር ምን አገናኘው?

የአለት ካርታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወርቅ የት እንዳለ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ለአርሶ አደሩ ግን ካርታው ከወርቅ ይልቅ ስለ ውሃ የሚነግረው ይበልጣል።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ጥርሳቸው የበለዘ፣ አጥንታቸው የተጎዳ ብዙ ሰዎች አሉ። ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። ፋብሪካም ማዕድን ማውጫም አላመጣውም፤ ውሃው በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ሲያልፍ ይዞት የሚወጣው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ እጅግ የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች አሉ። ሰው የሚጠጣውን ውሃ ጠባይ የሚወስነው ከሥሩ ያለው አለት መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

በወርቅ አካባቢ ነገሩ ይወሳሰባል። ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሰልፋይድ ማዕድናት ጋር ተጎራብቶ ነው። "የሞኝ ወርቅ" የሚባለው ፓይራይት አንዱ ነው፤ አርሰኒክ ያዘሉም አሉ። እነዚህ ማዕድናት ከመሬት በታች ተቀብረው እስካሉ ድረስ በአብዛኛው ዝም ያሉ ናቸው። አለቱ ተፈልጦ፣ ተፈጭቶ፣ ክምር ሆኖ ለአየርና ለዝናብ ሲጋለጥ ግን አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱም ብረታ ብረቱን እያሟሟ ወደ ጅረት ያወርዳል። እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ በአጠገቡ ካሉ ደግሞ አሲዱን ያበርዱታል። ተማሪው አለቱ ላይ አሲድ ጠብ አድርጎ ሲፈላ ሲያይ "እዚህ ካርቦኔት አለ" ብሎ የሚጽፋት አንዲት መስመር፣ አንድ የተራፊ አለት ክምር የት ቢቀመጥ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ፍንጭ ናት።

ስንጥቆችም እንዲሁ ናቸው። በጥንታዊ ጠንካራ አለት ውስጥ ውሃ እንደ አሸዋ ውስጥ በየቦታው አይሰርግም፤ የሚሄደው በስንጥቅና በስብራት መስመር ነው። ምንጮች ብዙ ጊዜ በእነዚህ መስመሮች ላይ ተሰልፈው የሚገኙት ለዚህ ነው። አንድ ትልቅ ክፍት ጉድጓድ ከውሃ መስመሩ በታች ሲወርድ፣ ሥራው እንዲቀጥል ውሃው በፓምፕ መውጣት አለበት። በየትኛው ስንጥቅ በኩል የየትኛው መንደር ምንጭ ሊነጥፍ እንደሚችል አስቀድሞ ለመገመት የስብራቶቹ ካርታ ያስፈልጋል። ምንጩ ከነጠፈ በኋላ የሚሠራ ካርታ ለካሳ ክርክር እንጂ ለውሃው አይደርስም።

በእስክሪብቶ መስመር ሥር የጠፋች መንደር

"ታዲያ መንግሥት ካርታ የለውም ወይ?" የሚል ይኖራል። አለው። የቀድሞው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት በአስርት ዓመታት ልፋት ያሰናዳቸው ካርታዎች አሉ፤ የአገሪቱ አጠቃላይ ካርታም በ1:2,000,000 መጠን ታትሟል። ባለሙያዎቹ መንገድ በሌለበት፣ ጦርነት ባልተለየበት ዘመን የሠሩት ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል።

ነገር ግን መጠኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዋናው ተከታታይ ካርታ 1:250,000 ነው። በዚህ መጠን 1 ሴንቲ ሜትር ማለት በመሬት ላይ 2.5 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት አለቶችን የሚለየው የግማሽ ሚሊ ሜትር የእስክሪብቶ መስመር ብቻውን 125 ሜትር ስፋት ይሸፍናል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ከነቅጥሩ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ምንጭና አሥር አባወራ በዚያ መስመር ሥር ገብተው ይጠፋሉ። ካርታው ስሕተት ስላለበት አይደለም፤ የተሠራው ለሌላ ዓላማ፣ አገርን ከከፍታ ለማየት ስለሆነ ነው።

ተማሪዎች የሚሠሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ በ1:50,000 የመሬት አቀማመጥ ካርታ ላይ ነው፤ አንዳንዴም አስፍተው በ1:25,000 ይሥሉታል። በ1:25,000 ያችው የግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር 12.5 ሜትር ትሆናለች። በዚህ መጠን ላይ ምንጩ ይታያል፣ መንደሩ ይታያል፣ በሁለቱ መካከል ያለው ስንጥቅም ይታያል። የአገር ካርታ የማይደርስበትን የቀበሌ ዝርዝር የሚደርስበት የ21 ዓመት ልጅ ነው፤ በእግሩ፣ በፀሐይ፣ ዳቦና ሙዝ በቦርሳው ይዞ።

ኩባንያውስ? ኩባንያው ከሁሉም የበለጠ ዝርዝር መረጃ አለው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶችን ሰርስሮ ናሙና ያወጣል። ይሁንና ሰርሳሪው የሚቆመው ወርቁ ባለበት እንጂ ገበሬው ውሃ በሚቀዳበት አይደለም። መረጃውም ገንዘብ የወጣበት ንብረት ነውና በአብዛኛው ለሕዝብ ክፍት አይሆንም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱን የማስጠናት ኃላፊነትና ወጪውን የሚጥለው በፕሮጀክቱ ባለቤት ላይ ነው። ይህ በብዙ አገር ያለ አሠራር ነው፤ ብቻውን ሲሆን ግን ተፈታኙ ራሱ ፈተናውን እንዲያወጣ ከመፍቀድ ብዙም አይርቅም። ያው አዋጅ በአንቀጽ 15 ጥናቱ ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዝዛል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚያነጻጽርበት ሌላ ወረቀት በእጁ የሌለው ሕዝብ በምን ላይ ተመሥርቶ ነው አስተያየት የሚሰጠው?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ይህ ሁሉ በሐሳብ ደረጃ ያለ ስጋት እንዳይመስል ጉጂን ማስታወስ በቂ ነው። በሻኪሶ አቅራቢያ የሚገኘው የለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ከመንግሥት ወደ ሚድሮክ የተላለፈው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር። ከሁለት አስርት ዓመታት በኋላ የፈቃዱን መታደስ ተከትሎ የአካባቢው ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ከማዕድኑ የሚወጣው ፍሳሽ በሰውና በከብት ላይ ጉዳት አድርሷል፣ ሕፃናት ከነጉዳታቸው እየተወለዱ ነው የሚል ከባድ ክስ ተሰማ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መንግሥት ጥናት እስኪደረግ ድረስ ፈቃዱን አገደ። ማዕድኑ ወደ ሥራ የተመለሰው በ2013 ዓ.ም. ነው።

እዚህ ላይ ማን ትክክል እንደነበር መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ማዕድን ከ20 ዓመት በላይ በተቆፈረበት ቦታ ላይ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ማንኛውም ጥናት አንድ ግድግዳ ይገጥመዋል፦ "በፊትስ ምን ነበር?" ወርቅ ያለበት አለት በተፈጥሮው አርሰኒክና ሌሎች ብረቶች ሊኖሩት ይችላል። በወንዙ ውስጥ ዛሬ የተገኘው ብረት ከፋብሪካው ነው ወይስ ከጥንት ከአለቱ? በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ከሚጠቀሙበት ሜርኩሪ ነው ወይስ ከዝቃጭ ግድቡ? ከመቆፈሩ በፊት የተሠራ የአለት ካርታና የውሃ ልኬት ካለ እነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኝላቸው ጥያቄዎች ናቸው። ከሌለ እናት ልጇን ታቅፋ ትጮሃለች፣ ኩባንያው ሰነድ ይዞ ይከላከላል፣ ሁለቱም ሳይደማመጡ ዓመታት ያልፋሉ።

አባቶች "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። በለገደንቢ ጅቡ ገብቷል አልገባም የሚለው ክርክር ራሱ ሊቋጭ ያልቻለው የበረቱን በር ቀድሞ ያየ ገለልተኛ ዓይን ስላልነበረ ነው።

ጊዜው ገና ያላለፈበት ቦታ

ቱሉ ካፒ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በምዕራብ ወለጋ ጉሊሶ አካባቢ የሚገኘው ይህ ክምችት ከግራናይት ጋር በሚዛመድ ሲየናይት በተባለ አለት ውስጥ ያለ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነካክተውታል፤ ከዚያ ወዲህም ብዙዎች ፈልገውበታል። ኬፊ የተባለው ኩባንያ የማምረት ፈቃድ ያገኘው በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ነው። በዕቅዱ መሠረት ሊወጣ የሚችለው ወርቅ ከ1 ሚሊዮን አውንስ በላይ ነው፤ በአንድ ቶን ማዕድን ውስጥ ግን የሚገኘው 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሁለት ግራም ለማግኘት አንድ ቶን መፍጨት ማለት ነው፤ ወደ ማዕድኑ ለመድረስ የሚነሳው ተራፊ አለት ሳይቆጠር። ያ ሁሉ ድንጋይ የሆነ ቦታ ይከመራል፣ ዝናብም ይዘንብበታል።

ፈቃዱ ከተሰጠ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። የገንዘብ ድርድሩና የአካባቢው የጸጥታ ችግር ሥራውን ደጋግመው አዘግይተውታል። መዘግየቱ ለባለሀብቱ ኪሳራ ነው፣ ሥራ ለሚጠብቀው ወጣትም ተስፋ መቁረጥ ነው። ለእውቀት ግን ዕድል ነበር። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስንት የተማሪ ቡድን በዙሪያው ያሉትን ሸለቆዎች በ1:25,000 ሊሥል፣ ስንት ምንጭ በጋና ክረምት ሊለካ ይችል ነበር? ወለጋ ላይ ሰላም በጠፋባቸው ዓመታት ማንም መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ወደዚያ እንዲሄድ መጠየቅ አይቻልም፤ የልጅ ሕይወት ከካርታ ይበልጣል። ነገር ግን ይኸው ጥያቄ ሰላም ባለባቸው የፈቃድ አካባቢዎችም ይነሳል። ከዚያ በፊት በነበሩት የተሻሉ ዓመታት የተሠሩ ሪፖርቶችና የመመረቂያ ጽሑፎችስ ዛሬ የት ናቸው?

መልሱ እንደ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል። አንዳንዱ ክፍል ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ተጠርዘው ተቀምጠዋል። አንዳንዱ ጋ መምህሩ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉም አብሮት ወጥቷል። በአጠቃላይ ግን አንድ የቱሉ ካፒ ወይም የኩርሙክ ነዋሪ፣ አንድ የወረዳ የውሃ ባለሙያ ወይም አንድ ጋዜጠኛ "የዚህን ቀበሌ የተማሪዎች ካርታ አሳዩኝ" ብሎ የሚጠይቅበት አንድ በር የለም።

ሌላው አገር ምን አደረገ?

ይህን ጥያቄ በተግባር የመለሱ አሉ። በሰሜን አሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ ዱሉዝ ኮምፕሌክስ የሚባል ከ1.1 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተፈጠረ ግዙፍ የአለት አካል አለ። መዳብና ኒኬል በብዛት ይዟል። በአጠገቡ ደግሞ በሐይቆቹ የታወቀ ጥብቅ ደን ይገኛል። ማዕድኑ ይውጣ አይውጣ የሚለው ክርክር ለዓመታት ሕዝቡን ለሁለት ከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በዚያ ደን ውስጥ ከ225 ሺህ ኤከር በላይ መሬት ለ20 ዓመታት ለማዕድን እንዳይሰጥ ወሰነ፤ ክርክሩ ግን በዚያ አልተዘጋም።

በዱሉዝ የሚገኘው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ በዚያ አካባቢ ለተማሪዎች የመስክ ካርታ ትምህርት ያዘጋጅ ነበር። ተማሪዎቹ መሠረታዊውን ከተለማመዱ በኋላ በማጠቃለያው ላይ በዝርዝር ያልተሣለ መሬት ይሰጣቸዋል። ካርታቸው ከተገመገመ በኋላ በስማቸው ይታተማል፤ የፈለገ ሁሉ ያገኘዋል። ማዕድኑን የሚደግፈውም የሚቃወመውም አንድ ዓይነት ካርታ ዘርግቶ ይከራከራል። ካርታው ክርክሩን አልጨረሰውም፤ ግን በጩኸት ላይ ብቻ እንዳይቆም አድርጎታል። ለዚህ ያስፈለገው ትልቅ ገንዘብ ሳይሆን "የተማሪ ሥራም ሥራ ነው" የሚል ውሳኔ ነው።

የሚነሱ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ የጥራት ነው። ተማሪ ይሳሳታል፤ ናይሱን ግራናይት ሊለው፣ የተንከባለለውን ቋጥኝ ከሥሩ ካለው አለት ሊደባልቅ ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን የካርታ ሥራ ለዚህ የራሱ መላ አለው። በዓይን የታየ የአለት ወሰን ድፍን መስመር ይሰመርበታል፤ የተገመተው በቁርጥራጭ መስመር ይሣላል። እያንዳንዱ የታየ አለት በጂፒኤስ ቁጥሩ ስለሚመዘገብ ተጠራጣሪ ሄዶ ያያል። ጥሩ መምህር ተማሪውን የሚቀጣው ባለማወቁ ሳይሆን ያላየውን እንዳየ አድርጎ ድፍን መስመር ሲያሰምር ነው። የኩባንያ ባለሙያዎችም ይህንኑ ደንብ ይከተላሉ፤ ለሕዝብ ስብሰባና ለባለሀብት የሚታተመው አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ግን ቁርጥራጭ መስመር እምብዛም አይታይም። በዚህ ረገድ ጥርጣሬውን ያልደበቀ የተማሪ ካርታ እርግጠኛ ከሚመስል ብሮሸር ይሻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። የወርቅ መሬት ካርታ ለሁሉም ቢከፈት ግር ብሎ የሚመጣው ማን ነው? በአንድ ሌሊት ተራራ የሚያጎድፍ፣ በጉድጓድ ናዳ የሚሞት፣ በባዶ እጁ ሜርኩሪ የሚያሽ ብዙ ምስኪን ወጣት አለ። ይህ ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መፍትሔው ግን ካርታውን መቅበር ሳይሆን ምን እንደሚከፈት መለየት ነው። የአለቱ ዓይነት፣ ስብራቱ፣ ምንጩና ጉድጓዱ ይከፈት፤ የወርቅ ናሙና ውጤት ካለ ለጊዜው ይቆይ። ደግሞም ወርቁ የት እንዳለ ባህላዊ አምራቹ ከተማሪውም ከኩባንያውም ቀድሞ የሚያውቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛው ከዩኒቨርሲቲዎቹ የሚመጣ ነው፦ "በጀት የለም።" መኪናው፣ ነዳጁ፣ አበሉ በየዓመቱ እየከበደ ሲሄድ የመስክ ቀናት ይቀነሳሉ፣ በአቅራቢያ ያለ አንድ ቦታ በየዓመቱ ይደጋገማል። አንዳንድ ጊዜ ኩባንያ ይመጣና "እኛ እናስተናግዳችሁ" ይላል። ማረፊያና ምግብ መቀበል በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ተማሪም ከሠራተኛ ጂኦሎጂስት ይማራል። ነገር ግን የበላበትን ወጪት ሰባሪ ላለመሆን ሲል ያየውን ስንጥቅ በዝምታ የሚያልፍ ካርታ ከሌለ ካርታ ይብሳል። ኩባንያዎች ማገዝ ከፈለጉ ገንዘቡ በቀጥታ ለመምህሩ ወይም ለክፍሉ ሳይሆን በአንድ የጋራ ቋት በኩል ይለፍ። የት ቦታ እንደሚሣል የሚወስነውም ዩኒቨርሲቲው ይሁን።

ምን ይደረግ?

ነገሩ አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም። አምስት ተራ እርምጃዎች ይበቁታል።

አንደኛ፣ አዲስ አበባ፣ መቀሌ፣ አርባ ምንጭ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ሌሎችም ጂኦሎጂ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ከመስክ ቦታዎቻቸው ቢያንስ አንዱን የማዕድን ፈቃድ ከተጠየቀበት ነገር ግን ካልተቆፈረበት አካባቢ ይምረጡ፤ ሰላም መኖሩ አስቀድሞ ሲረጋገጥ ብቻ።

ሁለተኛ፣ ከአለቱ ጋር ውሃው ይመዝገብ። ተማሪው በምንጭ አጠገብ ሲያልፍ ስሙን ከነዋሪው ጠይቆ ይጻፍ፤ በየካቲት ይነጥፋል ወይ፣ ከብት ብቻ ነው ወይስ ሰውም የሚጠጣው ብሎ ይጠይቅ። አሲድነቱንና የጨው መጠኑን የሚለካ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ለአንድ ቡድን አንድ ቢሰጥ የአገር በጀት አያናጋም።

ሦስተኛ፣ መምህሩ ያረመው ካርታ ቅጂ ከነመጋጠሚያ ቁጥሮቹ ለጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩቱ ገቢ ይሁን። ኢንስቲትዩቱም "የተማሪ ሥራ" ብሎ በግልጽ ምልክት አድርጎ ለሕዝብ ይክፈተው።

አራተኛ፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የኩባንያን የተፅዕኖ ጥናት ሲገመግም በዚያ ቦታ የተማሪ ካርታ መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ። ካለና ከኩባንያው ጥናት ጋር ካልተስማማ፣ ልዩነቱ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት በሦስተኛ ወገን ይጣራ።

አምስተኛ፣ ካርታው ወደ ቀበሌው ይመለስ። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም የአካባቢው ሰው በሚናገረው ቋንቋ አንድ ገጽ ማብራሪያ ተያይዞ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ተማሪዎቹን በጎጆው ያስጠለለ፣ መንገድ ያሳየ፣ ወተት ያቀረበ ገበሬ ስለ ገዛ መሬቱ የተጻፈውን የማየት መብት አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት እንዲሳተፉና አስተያየታቸው እንዲጠየቅ፣ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ እንዲኖሩ መብት ሰጥቷል። ወረቀት ላይ ያለን መብት ግን የሚያስፈጽመው ሌላ ወረቀት ነው፤ ከመቆፈሩ በፊት ምን እንደነበረ የሚናገር።

ይህ ለማዕድን ኩባንያዎችም ቢሆን ጠላት አይደለም። ነገ አንድ ወንዝ ሲደፈርስ "ይህ ከኛ በፊትም የነበረ ነው" ብሎ በእውነት መከላከል የሚፈልግ ኩባንያ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ራሱ ያልሠራው፣ ራሱ ያልከፈለበት ማስረጃ ነው። ካርታውን የሚፈራ ኩባንያ ካለ፣ ያ ፍርሃት ራሱ ፈቃድ ሰጪውን ሊያሳስበው ይገባል።

አንድ ክፍት ጉድጓድ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ተመልሶ አይዘጋም። ኮረብታው ሸለቆ ይሆናል፣ ሸለቆው በድንጋይ ክምር ይሞላል፣ ምንጩ ስሙ ብቻ ይቀራል። የዚያ ኮረብታ አለት ምን እንደነበር፣ ውሃውም በየት በኩል ይወርድ እንደነበር ማንም ዳግመኛ ሄዶ ሊያይ አይችልም። ያየ ካለ፣ ከዓመታት በፊት መዶሻ ይዞ ያለፈ፣ ዛሬ ምናልባት በሌላ ሙያ እንጀራውን የሚበላ አንድ ተማሪ ነው። ያየውን ጽፏል፤ መምህሩም አርሞ ውጤት ሰጥቶበታል። የቀረው መደርደሪያውን ከፍቶ አቧራውን ማራገፍና ለባለቤቱ፣ ለሕዝቡ ማድረስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ገና ቅጠሉ በእጅ እያለ ነው።